ትንሽ የናፍጣ ስቴሽን መኪና እንዴት ትያዛለች? ከአዳማ የመጀመሪያ ወራት የተማርኩት

ስቴሽን መኪናዬን አዳማ ላይ ከገዛኋት ዓመት ሊሞላኝ ነው። 1.6 ሊትር፣ ቱርቦ ያላት፣ ባለ 5 ማርሽ፣ የአውሮፓ ስሪት ናፍጣ ናት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ስለተከለከለ አገር ውስጥ ካሉት መርጬ ነው የገዛኋት። ለእኔ ግን አዲስ ናት። ከዚያ በፊት የነዳሁት ሁሉ ቤንዚን ነበር።

መጀመሪያ የገረመኝ ጉልበቷ ነው። በድሮዋ መኪናዬ ማርሽ ቀንሼ የምወጣውን ዳገት ይቺ 4ኛ ላይ ሆና ዝም ብላ ትወጣዋለች። ጠዋት ስትነሳ ትንሽ ትንኳኳለች፣ ሲሞቃት ድምጿ ይረጋል። የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ የልጆቹ ሁለት ብስክሌት ከነሻንጣው ይገባል። በጣም ወድጃታለሁ። ግን የቤንዚን መኪና ልማድ ለእሷ አይሆንም። እሱን የተማርኩት እናቴን ይዤ የኢተያ መንገድ ዳር ቆሜ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

1. ሳትገዙ በፊት ሞተሩን ቀዝቃዛ እንዳለ አስነሱት

ሊብሬ፣ የሻንሲ ቁጥር፣ ቦሎ ማየትን ሁሉም ያውቀዋል፤ አልደግመውም። ናፍጣ ላይ ዋናው ፈተና የጠዋት አነሳሷ ነው። ሻጩ ጋ እንደደረሳችሁ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ "ነገ ጠዋት እመለሳለሁ" ብላችሁ ሂዱ። ደላላው ቢቆጣም ይቆጣ።

ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ጨምቆ በማሞቅ ነው ነዳጁን የሚያቃጥለው። ሲቀዘቅዝ የሚያግዙት ካንዴሌታ የሚባሉት ማሞቂያዎች ናቸው። ስለዚህ ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ አዙሩና ዳሽቦርዱ ላይ ጥምዝ ሽቦ የምትመስለው ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ጠብቁ። ከዚያ አስነሱ። ቶሎ መነሳት አለባት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ሞቆም የማያቆም ነጭ ጭስ ካያችሁ ደግሞ መካኒክ ሳያያት ገንዘብ አትክፈሉ።

እዚህ ላይ የአዳማ ሙቀት ያታልላል። የእኔ መኪና ከ4ቱ ካንዴሌታዎች 2ቱ የሞቱ ነበሩ። አዳማ ላይ አንድም ቀን አላስቸገረችኝም። አዲስ አበባ አድራ ጠዋት ላይ ስትንቀጠቀጥና ነጭ ጭስ ስትተፋ ነው ያወቅኩት። ስለዚህ ካንዴሌታዎቹን መካኒክ በመለኪያ ይፈትሽላችሁ፤ አጭር ሥራ ነው።

2. የነዳጅ ክዳኑ ላይ "ናፍጣ" ብላችሁ ጻፉ

በትልቁ፣ በማይለቅ ቀለም። ትንሽ የቤት መኪና ያየ ቀጂ እጁ ወደ ቤንዚን ነው የሚሄደው። የቤንዚን መቅጃው ደግሞ ከናፍጣው ስለሚቀጥን ያለ ችግር ይገባል። እኔ ሁልጊዜ ከመኪና ወርጄ ከቀጂው አጠገብ እቆማለሁ። በስህተት ቤንዚን ከገባ ቁልፉን እንኳ እንዳታዞሩት። ናፍጣ ፖምፓውን እያለሰለሰ ነው የሚያልፈው፤ ቤንዚን ያንን ቅባት ያጥበዋል። መኪናዋን ገፍታችሁ ወደ ዳር አውጡና ታንከሩ ይራገፍ። ከብዙ ወጪ ትድናላችሁ።

3. ከናፍጣ ፊልትሮ ውሃ ማስወጣትን ተማሩ

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ክፍል ስል ነው።

ማደያ ላይ ሰልፍ በበዛበት ሰሞን ነበር። አሰላ ልቅሶ ነበረብን፤ እናቴ ቸኩላለች። ሰልፉን መጠበቅ አቃተኝና ከመንገድ ዳር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ናፍጣ ገዝቼ ቀዳሁ። ደራን አለፍን። ኢተያ ሳንደርስ ዳገቱ ላይ ጉልበቷ ወረደ። አንድ ሁለቴ ተንቀጠቀጠችና ሞተሩ ጠፋ። ናፍጣው ውሃ ነበረበት። እናቴን ሚኒባስ አስቆሜ ላክኋት። ከቀብሩ በኋላ ነው የደረሰችው። ስለዚያ ቀን አሁንም ሳስብ ይከፋኛል።

ስህተቴ በዚያ አላበቃም። ፊልትሮ ተልኮልኝ ራሴ ቀየርኩ፤ አየሩን ግን አላስወጣሁም። ከዚያ እስክትነሳ ብዬ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) ደጋግሜ መታሁ። ባትሪው አለቀ። በመጨረሻ ተጎትታ አዳማ ገባች።

ውሃ ለምን ይህን ያህል ይጎዳል? አዲሶቹ ናፍጣ ሞተሮች ነዳጁን ከ1,600 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጩት። የፖምፓውና የኢንጀክተሮቹ (የነዳጅ መርጫዎቹ) ክፍሎች በጣም ተጠጋግተው የተገጠሙ ናቸው። ውሃ አያለሰልስም፤ ያዝጋል፤ ብረት ከብረት ያፋጫል። ጀሪካን ብቻም አይደለም ጥፋተኛው። ግማሽ ባዶ ሆኖ የሚያድር ታንከር ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይሠራል። እኔ ከዚያ ወዲህ ታንከሩን ከሩብ በታች አላወርድም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ። የናፍጣ ፊልትሮውን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ኮፈን ስር ነው፣ አንዳንዱ መኪና ላይ ታንከሩ አጠገብ ይሆናል። ከታቹ ትንሽ የማስወጫ ብሎን አለችው። የፊልትሮው አፍ ላይ የአየር ብሎን ካለ እሱንም ትንሽ አላሉት፤ ያለዚያ አይወርድም። ከስር ንጹሕ የብርጭቆ ማሰሮ አድርጉ። የማር ወይም የማርማላታ ጠርሙስ ይሆናል። ፕላስቲክ አልወድም፤ የሚያደበዝዝ ነገር ነው፣ ማየት ደግሞ የሥራው ግማሽ ነው። ብሎኗን በእጅ ግማሽ ዙር አላሉ። በፒንሳ አትያዟት። ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነች ትሰበራለች፤ ለብቻዋም ላትገኝ ትችላለች።

ግማሽ ስኒ ያህል ይውረድና ዝጉ። ማሰሮውን 10 ደቂቃ ሳትነኩ አስቀምጡት። ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀል ውሃው ከታች ይረጋል፤ በመሃላቸው ጥርት ያለ መስመር ይታያል። ከስር ምንም ከሌለ ጨርሳችኋል። ውሃ ካለ ንጹሕ ናፍጣ ብቻ እስኪወርድ ድገሙት። የወረደውን መሬት ላይ አትድፉት፤ በጀሪካን አጠራቅማችሁ ዘይት የሚቀበል ጋራዥ ስጡ።

ቀጥሎ አየሩ ይውጣ። መኪናችሁ የናፍጣ ቱቦው ላይ በእጅ የሚጨመቅ የላስቲክ ፖምፓ ካላት ጠንክሮ እምቢ እስኪል ጭመቁት። ከሌላት ታንከሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ሊኖራት ይችላል። ቁልፉን ሳታስነሱ አንድ ደረጃ አዙሩ፣ 10 ሰከንድ ያህል ቆዩ፣ አጥፉ። ይህን 5 ወይም 6 ጊዜ አድርጉ። ከዚያ አስነሱ። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አትምቱት፤ አንድ ደቂቃ አሳርፉት። ሦስቴ ሞክራችሁ ካልተነሳች ወደ ፖምፓው ተመለሱ እንጂ ባትሪውን አትጨርሱ።

ፊልትሮውን ጭራሽ የምትቀይሩ ከሆነ ሁለት ነገር ልጨምር። ላስቲኩን በንጹሕ ናፍጣ ቀቡት። አዲሱን ፊልትሮ ደግሞ በመሃሉ ቀዳዳ ናፍጣ ሞልታችሁ አትግጠሙት። ብዙ ፊልትሮ ላይ የመሃሉ ቀዳዳ ተጣርቶ የሚወጣበት ነው። እዚያ ያፈሰሳችሁት ሳይጣራ ኢንጀክተር ጋ ይደርሳል። ብዙ መካኒክ ለማፋጠን እንዲህ ያደርጋል፤ እኔ አልቀበለውም።

አንድ አደገኛ ልማድም አለ። የድሮ ናፍጣ የለመዱ መካኒኮች ሞተሩ እየዞረ የኢንጀክተር ቱቦ አላልተው አየር ያስወጣሉ። በአሮጌ አይሱዙ የለመዱት ነው። በአዲሶቹ ላይ ግን የሚወጣው ግፊት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ እጅ ያሳጣል። የእኔን መኪና ሊያደርጉት ሲሉ አንድ ወጣት መካኒክ ሮጦ ነው ያስቆማቸው። መፍቻ ይዞ ወደ እነዚያ ቱቦዎች የሚሄድ ካያችሁ ሞተሩን አጥፉ።

4. በየሳምንቱ ረጅም መንገድ ስጧት

ከፍራንኮ ፖስታ ቤት፣ ከፖስታ ቤት ትምህርት ቤት፣ በባጃጅ መሃል በ2ኛ ማርሽ። የአዳማ ኑሮ ይህ ነው። ለናፍጣ ግን አይስማማትም። ዩሮ 5 በሚባለው የአውሮፓ የጭስ ደረጃና ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ማርሚታቸው (የጭስ ማውጫቸው) ላይ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው ሲሞላ ራሱን ወደ 600 ዲግሪ አሙቆ ያቃጥለዋል። ለዚያ ጊዜና ፍጥነት ይፈልጋል። እኔ እሁድ ጠዋት በፍጥነት መንገዱ ወደ ሞጆ እወጣለሁ፣ ወይም በአሰላ መንገድ እሄዳለሁ። ከ2,000 ዙር በላይ፣ 20 ደቂቃ ያህል ሳልቆም። በፍጥነት ገደቡ ውስጥ ሆናችሁ በ4ኛ ማርሽ ይህ ይሆናል፤ መብረር አያስፈልግም።

ቆማችሁ ሳለ የሞተሩ ዙር ትንሽ ከፍ ካለ፣ ቬንትሌተሩ ከጮኸ፣ የጋለ ብረት ከሸተታችሁ ማጽዳት ጀምራለች ማለት ነው። ከቻላችሁ አታጥፏት፤ አንድ ዙር ንዷት። ደረቅ ሣር ላይም አታቁሟት።

"ማጣሪያውን ቆርጠን እናውጣልህ፣ ትገላገላለህ" የሚሉ አሉ። እምቢ በሉ። ከጭስ ማውጫው ኋላ የሚሄዱት ልጆቻችን ናቸው። መኪናዋም ኮምፒውተሯ ሳይነካ ጤነኛ አትሆንም፤ ሲነካ ደግሞ ማን እንደነካው ነው ነገሩ።

ይህ ከዘይት ጋር ይያያዛል። ማጽዳቱ በየመሃሉ እየተቋረጠ ሲቀር ናፍጣ ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል። ስለዚህ በየ15 ቀኑ መለኪያ ዘንጉን ስታወጡ የዘይት መቀነስን ብቻ አትፈልጉ። ከላይኛው ምልክት በላይ ከጨመረ ቀጥኗልና ቀይሩት። ስትገዙም ቆርቆሮው ላይ መመሪያ መጽሐፉ የሚጠይቀውን ምልክት ፈልጉ፤ ማጣሪያ ላላቸው ብዙዎቹ ሲ3 የሚል ነው። ርካሹ የጭነት መኪና ዘይት አመዱ ብዙ ነው፤ ማጣሪያውን ይደፍነዋል።

5. አቧራ፣ ቱርቦና ጭነት

ከአዳማ ዳር ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖች የቆሙት በምክንያት ነው። ያ ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣል። ቱርቦው ደግሞ አየር በብዛት ይስባል። የአየር ፊልትሮውን ከመጽሐፉ ቀን ቀድማችሁ ቀይሩ። በኮምፕሬሰር ከውጭ ወደ ውስጥ መንፋት ወረቀቱን ይበሳዋል።

ከዳገት ወይም ከፍጥነት መንገድ ስትመለሱ ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ ደቂቃ በዝግታ ይዙር። በ5ኛ ማርሽ ከ1,500 ዙር በታች ሆናችሁ ዳገት ላይ አትጫኗት።

ጭነት ላይ ከባዱን ወደ ወንበሩ ጀርባ አስጠግታችሁ ከታች አድርጉ፤ እሰሩትም። የጎማ ነፋስ ለሙሉ ጭነት ስንት እንደሆነ የሹፌሩ በር ሲከፈት የሚታየው ወረቀት ላይ አለ። ሽንኩርት ከጫናችሁ ሸራ አንጥፉ።

6. ፍጆታዋን መዝግቡ

ታንከሩን ሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፣ ንዱ፣ እንደገና እስከ አፉ ሙሉና የገባውን ሊትር ተመልከቱ። የእኔ ባለፈው ጊዜ 330 ኪሎ ሜትር ሄዳ 17.8 ሊትር ገባት፤ በ100 ኪሎ ሜትር 5.4 ሊትር ገደማ። ከተማ ውስጥ ብቻ ስትሆን ይጨምራል። ቁጥሩ ያለ ምክንያት ድንገት ከወጣ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውንና የጎማ ነፋሱን እዩ። እኔ ደብተሩን ከኋላ መሳቢያው ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ ከአንድ ትርፍ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ከጓንት፣ ከባትሪ መብራትና ከዚያ የማር ማሰሮ ጋር።