ሸረሪቴ ለምን ሁለት እግር እንዳጣች ገባኝ
ቤት ውስጥ በሳጥን የማሳድጋት ሀንትስማን (ድር ሳትዘረጋ አድና የምትበላ ትልቅ ሸረሪት) ባለፈው ቆዳዋን ስትቀይር ሁለት እግሯ አሮጌው ቆዳ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። በምግቡ ሳመካኝ ከርሜ ለካ ጥፋቱ የሳጥኑ ነው! ሰፊና አጭር ነበር። እነዚህ ደግሞ ግንድ ላይ የሚኖሩ ናቸው፤ ቆዳ ሲቀይሩ ቁልቁል ስለሚንጠለጠሉ እግራቸውን ዘርግተው የሚያወጡበት ባዶ ቦታ ከሥራቸው ያስፈልጋቸዋል።

ረጅም ሳጥን ገዛሁ፣ የዛፍ ቅርፊት ግድግዳው ላይ አቆምኩ፣ አየር እንዲገባ በሁለት ጎን ወንፊት ገጠምኩ። ውሃ የምረጨው አንዱን ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሁሉንም ካረጠብከው ትርፉ ሻጋታ ነው። ቆዳ ልትቀይር ስትል መብላት ስታቆም ለምግብ ያስገባሁላትን ፌንጣ ወዲያው አወጣለሁ፣ አዲሱ ቆዳዋ ገና ለስላሳ እያለ ይነክሳታላ። በቀጣዩ ቅየራ በሰላም ወጣች፣ የጠፉት እግሮችም ቀጠን አጠር ብለው በቀሉ።

ዝርያዋን የገመትኩትም በዚሁ ሰበብ ነው። ሻጩ ሌላ ስም ነበር የነገረኝ። ፊቷን አቅርቤ ፎቶ ሳነሳ 8 ዓይኖች በሁለት ረድፍ፣ ከሥራቸው ጺም የመሰለ ክሬም መስመር። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1767 ስም ያወጣላት ሄትሮፖዳ ቬናቶሪያ ትመስላለች። ቀለም ብቻውን ያሳስታል ግን፤ ቁርጡ የሚታወቀው ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የመራቢያ አካሏ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።