ፋፍሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞሉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጃቸው ኮሌጅ ሊገባ ሲል ላፕቶፕ ይዘው ቤቴ የሚመጡ ወዳጆች አሉኝ። አሜሪካ ብዙ ዓመት ስለኖሩ እንግሊዝኛው አያስቸግራቸውም። የሚያስቸግራቸው የእኛ ስም፣ የእኛ ልደትና የእኛ ቤተሰብ ፎርሙ ውስጥ አልገባ ማለቱ ነው። ፎርሙ ፋፍሳ ይባላል። የፌዴራል መንግሥት የተማሪ እርዳታ በሙሉ የሚጠየቀው በእሱ ነው። ብዙ ስቴቶችና ኮሌጆችም የሚያዩት እሱኑ ነው።

«ለእኛ አይሰጡንም» ብሎ መተው

ፎርሙን ለመሙላት የገቢ ጣሪያ የለም። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ (ለ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው) ባይደርሳችሁ እንኳ፣ የፌዴራል የተማሪ ብድርም ሆነ ወርክ ስተዲ (ተማሪው እየሠራ የሚከፈለው) ያለ ፋፍሳ የለም። ደግሞ ነፃ ነው። «እኔ ልሙላላችሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ተሰናበቱት። ትክክለኛው ድረ ገጽ ስቱደንት ኤይድ ዶት ጎቭ ነው።

ስምን እንደሚጠሩበት መጻፍ

አንዲት እናት አካውንት ለመክፈት ሦስት ጊዜ ሞክራ አልሆን አላት። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዷን አምጪ አልኳት። ካርዱ ላይ የእሷና የአባቷ ስም አንድ ላይ ተጣብቆ የመጀመሪያ ስም ሆኗል፤ የአያቷ ስም ደግሞ መጨረሻ ላይ አለ። እሷ የጻፈችው የራሷንና የአባቷን ብቻ ነበር። ፊደል በፊደል ከካርዱ ስንቀዳው አለፈ። ልደትም እንዲሁ ነው። ወረቀቱ ጃንዋሪ 1 ካለ፣ እናታችሁ «መስከረም ነው የወለድኩህ» ቢሉም ጃንዋሪ 1 ብላችሁ ሙሉ። ስህተት ካለ መጀመሪያ የሚስተካከለው ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ነው፤ ፋፍሳው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በአንድ አካውንት ሁሉንም ማስተናገድ

ልጁ ቀልጣፋ ስለሆነ የአባቱንም የራሱንም በአንድ ኢሜይል ሊጨርስ ያስባል። አይቻልም። ተማሪውና ወላጁ ለየብቻ አካውንት ያስፈልጋቸዋል፤ አካውንቱ እንደ ፊርማ ነው የሚቆጠረው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም መክፈት ይችላል።

አክስትን ወላጅ ማድረግ

ይኼ የእኛ ሰው ስህተት ነው ብል አላጋነንኩም። ልጅቷ አክስቷ ቤት ነው ያደገችው፤ ያበላቻት፣ ያለበሰቻት፣ ትምህርት ቤት ስብሰባ የሄደችላት አክስቷ ናት። ስለዚህ የአክስቷን ገቢ ትሞላለች። በእኛ ቤት እናት ናት፤ በፋፍሳ ቋንቋ ግን አክስት በጉዲፈቻ ካላሳደገች በስተቀር ወላጅ አይደለችም። እናትና አባት አገር ቤት ቢሆኑም የሚጠየቀው የእነሱ ገቢ ነው፣ በዶላር ተመንዝሮ። ከወላጅ ጋር መገናኘት ካልተቻለ፣ ለምሳሌ በስደት የተለያየ ቤተሰብ ከሆነ፣ ፎርሙ ላይ ልዩ ሁኔታ እንዳለ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። እሱን መልሱና ወዲያው የኮሌጁን ፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ አነጋግሩ፤ ውሳኔው የእነሱ ነው። ፍርድ ቤት በሕግ አሳዳጊ አድርጎ የሾመው ሰው ካለ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ተማሪዋ ራሷን እንደቻለች ትቆጠራለች።

የታክስ ፈቃዱን መከልከል

ፎርሙ የታክስ መረጃችሁን በቀጥታ ከአይ አር ኤስ እንዲወስድ ፈቃድ ይጠይቃል። «ለምን ይገቡብኛል?» ብሎ እምቢ ያለ አባት አውቃለሁ። ፈቃድ ካልሰጠ ልጁ ከፌዴራል እርዳታ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ታክስ አስገብቶ የማያውቅ ወላጅም ፈቃዱን መስጠት አለበት። የሚታየው የሁለት ዓመት በፊት ታክስ ነው፤ ለ2026–27 የ2024ቱ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ያቆመ ወይም ገቢው የወረደ ሰው ፎርሙን ከሞላ በኋላ ለኮሌጁ ማስረጃ ይዞ እንደገና እንዲያዩለት ይጠይቅ። ብዙ ሰው ይኼን መብቱን አያውቅም።

የማይጠየቀውን መሙላት

የምትኖሩበት ቤት አይቆጠርም። የጡረታ ቁጠባም አይቆጠርም። ሁለቱን ንብረት ብሎ የሚያስገባ ሰው በገዛ እጁ የልጁን እርዳታ ይቀንሳል። ባንክ ያለው ገንዘብ ግን ይቆጠራል፤ የሚጻፈውም ፎርሙን በምትሞሉበት ቀን ያለው ነው። እቁብ የደረሳችሁ ሰሞን ከሆነ ልብ በሉ! ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ የእርዳታ ፎርም የሚጠይቁ ኮሌጆች ግን ስለ ቤታችሁም ይጠይቃሉ፤ ሁለቱን ፎርሞች አታምታቱ።

ቀኑን ማሳለፍ

የፌዴራሉ የመጨረሻ ቀን ጁን 30 ነው። በዚህ ተማምኖ የተኛ ብዙ ነው። ስቴቱና ኮሌጁ የራሳቸው ቀን አላቸው፤ አንዳንዱ ፌብሩዋሪ ላይ ያልቃል። ፎርሙ አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ ያኔ ጀምሩ። በየዓመቱም እንደገና ይሞላል።

ብድርን እርዳታ ብሎ መቁጠር

ከኮሌጁ የእርዳታው ደብዳቤ ሲመጣ «ሃያ ሺህ ሰጡን!» ተብሎ እልልታ ይቀልጣል። እርሳስ አንሱና መስመር በመስመር እዩት። ግራንትና ስኮላርሺፕ የሚለው አይመለስም። ወርክ ስተዲ የሚለውን ልጁ ሠርቶ ነው የሚያገኘው። ሎን የሚለው ዕዳ ነው። ፓረንት ፕላስ የሚለውን የወላጅ ብድር ደግሞ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ ልጁ አይደለም።