ከገበሬ ጋር አብሮ ሙከራ ለመሥራት፦ ከኮምቦልቻ ዙሪያ

የማዳበሪያ ዋጋ ሰማይ በነካ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። አንዱ ጀማሪ ዲኤ (የቀበሌ የልማት ሠራተኛ) ነው፤ ሌላው መመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ። «ገበሬውን ወደ ተፈጥሮ ማዳበሪያ እንዴት እናምጣው?» ይሉኛል። መልሴ አንድ ነው፦ አታምጡት፣ አብራችሁት ሞክሩ። የምሠራው ደቡብ ወሎ፣ ቃሉ ወረዳ፣ ኮምቦልቻ ዙሪያ ነው። አግሮኢኮሎጂ የሚባለው፣ ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ የማረስ ነገር፣ እኛ ዘንድ በስብሰባ ሲሰፋ አላየሁም። የሚሰፋው ገበሬው በገዛ ማሳው ላይ በዓይኑ ሲያየው ነው።

ጥያቄውን ከቢሮ ይዛችሁ አትውጡ። ማሳው ዳር ቁጭ በሉና «አባባ፣ ዘንድሮ እንቅልፍ የነሳዎት ምንድን ነው?» በሉ። ቆላው ላይ፣ ሀርቡ በኩል፣ አቀንጭራ፣ ያ የሰብሉን ሥር የሚመጠምጠው አረም፣ ማሽላውን እንደጨረሰው ይነግሯችኋል። ወደ ደጋው፣ ደሴ ዙሪያና ኩታበር ስትወጡ ወሬው ሌላ ነው፤ እዚያ ገብስና ባቄላ ነው፣ ጭንቀቱም የበልግ መቅረትና የአፈር መታጠብ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን ከ500 ሜትር በላይ ይጨምራል። ታች የሠራውን ላይ ወስዶ መዘርጋት አያዋጣም።

ሴቶቹን ለብቻ ጠይቁ። ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ጎብዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች አቀንጭራን ይቋቋማሉ፣ ቶሎም ይደርሳሉ። ስለ እነሱ ሳወራ አንዲት እናት «አገዳውስ? ላሜ ምን ትብላ? ምድጃዬስ በምን ይንደድ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እነ ደጋለት የሚባሉት የአገሬው ማሽላዎች ቁመታቸው ረጅም ነው፤ አገዳቸው መኖም፣ ማገዶም፣ አጥርም ይሆናል። ፍሬ ብቻ መዝኖ የሚሄድ ተመራማሪ የእኚህን እናት ኑሮ ግማሹን ሳያየው ሄደ። ከአረም፣ ከገለባና ከፍግ የሚበስለው ማዳበሪያ፣ ኮምፖስትም፣ እንደዚያው ነው። ፍጉ ማሳ ላይ ከወጣ ኩበቱ ከየት ይመጣል? ምን እንደሚለካ ከእነሱ ጋር ወስኑ፤ ፍሬው፣ አገዳው፣ ለማረም የሚወጣው ጉልበት፣ የእንጀራው ጣዕም።

ለስብሰባ ዐርብን ተዉት። የገበያ ቀንንም፣ ሚካኤልንና ማርያምንም እንዲሁ። ቅሬው (የመንደሩ ዕድር) በሚሰበሰብበት ቀን ትንሽ ጊዜ መለመን ይሻላል። ለመሰብሰብ ብቻ አበል መክፈልን አልደግፍም፤ አበሉ ሲቆም ሙከራውም ይቆማል። መከፈል ያለበት ሌላ ነገር ነው። የሙከራው ቁራሽ መሬት ከወትሮው ያነሰ ከሰጠ፣ የጎደለውን እህል ማን ይተካል? ይህ ከመዘራቱ በፊት በሽማግሌ ፊት ይነገር፣ በወረቀትም ይፈር። ልጆቹን የሚያበላ ሰው ለእናንተ ጥናት ብሎ መራብ የለበትም።

ከ6 እስከ 8 ፈቃደኛ ገበሬ ይበቃል። ሁሉም «ሞዴል» የተባሉት እንዳይሆኑ፤ መሬቱ የደከመበትም ይግባ። በእያንዳንዱ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቁራሽ፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር፣ በገመድ ለኩ። አንዱ ላይ ገበሬው እንደወትሮው ይሥራ። ሌላው ላይ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ዘሩንም፣ ማዳበሪያውንም፣ የመዝሪያ ቀኑንም አንድ ላይ ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ ማንም አያውቅም።

ምሳሌ ልስጥ። ገበሬው በሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ የሚጨምር ከሆነ ለአንዱ ቁራሽ የሚደርሰው 1 ኪሎ ነው። በሌላው ላይ ግማሽ ኪሎ ዩሪያና 50 ኪሎ የበሰለ ኮምፖስት ይግባ፤ ይህ በሄክታር 5 ቶን መሆኑ ነው። ዩሪያውን በአንዴ አስጥሉት የሚለውን ምክር አልቀበልም። ኮምፖስት ናይትሮጅኑን የሚለቀው ቀስ በቀስ ነው፤ የመጀመሪያው ክረምት ምርት ሊቀንስ ይችላል፣ ያን ጊዜ የሚጎዳው ገበሬው ነው።

ሁለቱ ቁራሾች ተዳፋቱን ተከትለው ላይና ታች ሳይሆን በአንድ ከፍታ ላይ ይሁኑ። አለዚያ የላይኛው አፈር ታጥቦ የታችኛውን ያደልበዋል። አንዱ ጓሮ፣ አንዱ ሩቅ ማሳ ላይ አይሁን፤ ጓሮ ዓመቱን ሙሉ አመድና ፍግ ሲጠጣ የከረመ ነው። የትኛው ጎን ኮምፖስቱን እንደሚያገኝ ሳንቲም ወርውራችሁ ወስኑ። ሰው ለሚወደው ነገር ሳያስበው ጥሩውን መሬት ይሰጣል።

መዝገቡን የሚማር ልጅ ካለ ልጁ ይያዘው። ዝናብ የጣለበት ቀን፣ ለአረም የዋለው ሰው፣ ብቅ ያለው አቀንጭራ ብዛት ይጻፍ። መጻፍ የማይችል ቤት ለእያንዳንዱ ሸክም ኮምፖስት አንድ ጠጠር በጣሳ ውስጥ ይጣል። አቆጣጠሩ ያው ነው።

አጨዳው ቀን ግን እናንተም ማጭድ ይዛችሁ ተገኙ። የሁለቱን ቁራሽ ምርት ለየብቻ ከምሩ፣ እኩል ቀን አድርቁ፣ ለየብቻ ውቁ፣ በአንድ ሚዛን መዝኑ። እዚህ ላይ ደስ የሚል ሒሳብ አለ። በ10 በ10 ቁራሽ ላይ የተገኘ እያንዳንዱ ኪሎ በሄክታር 1 ኩንታል ነው። በጥማድ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር፣ ለሚያስብ ደግሞ 25 ኪሎ። ሚዛኑ ላይ 18 ኪሎ ሲነበብ ሽማግሌው ራሳቸው «በጥማድ አራት ኩንታል ተኩል» ብለው ቀድመዋችሁ ይናገራሉ። ካልኩሌተሩን ከኪሳችሁ አታውጡ።

ውጤቱ መጀመሪያ የሚነበበው አውድማው ላይ ነው፤ ሪፖርት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ገበሬዎቹ የየቤታቸውን ቁጥር በየተራ ይናገሩ። የአንዱ ተርፎ የሌላው ሲጎድል ዝም በሉና «ለምን ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠብቁ። «የእሱ ኮምፖስት አልበሰለም፣ ትኩስ ነበር» የሚል ይመጣል። «እኔ ዘግይቼ ነው የበተንኩት» የሚል ይመጣል። የሚቀጥለው ዓመት ጥያቄ የሚወለደው ከዚህ ክርክር ነው። በአንድ ክረምት ፍርድ አትስጡ፤ ቢያንስ ሦስት ክረምት ይደገም፣ ምክንያቱም የእኛ አገር ዝናብ ከዓመት ዓመት አይመሳሰልም።

በመጨረሻ ስለ ኮምፖስቱ አሠራር ልበል። በሚያዝያ ለሚዘራ ማሽላ ኮምፖስት የሚፈልግ ሰው መስከረም ላይ፣ አረሙ ለምለም ሳለ፣ ፍሬ ሳይቋጥር ይጨድ። አረም፣ የደረቀ ገለባ፣ ፍግ፣ አመድና አፈር እየደራረበ ውሃ ያርከፍክፍበት። እርጥበቱን ለማወቅ ጭብጥ አድርጎ መጭመቅ ነው፤ እጅ ካራሰና ካልተንጠባጠበ ልክ ነው።