ድሬ ላይ አይስክሬም የግንቦት ብቻ አይደለም

ባሕር የለንም። ያለን ደቻቱ ወንዝ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ማታ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር አይስክሬም ይዤ ስንሸራሸር ግን ጅቡቲ ባሕር ዳር የቆመ ሰው አያስቀናኝም። የሚያስቆጨኝ የምንሳሳተው ስህተት ነው፤ አብዛኛውን እኔም ሠርቼዋለሁ።

ትልቁ ስህተት ሙቀት እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪን ሲያልፍ ከተማው በሙሉ ይሰለፋል። የፍሪጁ ክዳን እረፍት የለውም፤ በተከፈተ ቁጥር አይስክሬሙ ላዩ ይላላል፣ ሲዘጋ ደግሞ መልሶ ይጠጥራል። እንደዚያ ሲደጋገም ምላስ ላይ የሚንኮሻኮሽ በረዶ ይሆናል። እናንተም ወንበር ሳታገኙ ኮኑ ወደ ክርናችሁ ይወርዳል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ኑ። ቀኑ 28 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ምሽቱ ነጠላ ያስደርባል፣ አይስክሬም ቤቱም ጭር ይላል። አስተናጋጇ የትኛው ዛሬ እንደተሠራ ትነግራችኋለች፤ በግንቦት ግን ቀና ብላ የምታይበት ጊዜ የላትም። በዚያ ላይ አይስክሬም ጥም አይቆርጥም፣ ስኳሩ ጭራሽ ያስጠማል። ለጥም ውኃ አለ አቦ!

«በብርድ ከበላሁ ጉንፋን ይይዘኛል» የሚለውንም ተዉት። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቶንሲል ላስወጣ ልጅ እንኳ ሐኪሞች አይስክሬም ይፈቅዳሉ። ግንባር የሚወጋው ሕመም የላንቃ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ስለሆነ፣ ምላሳችሁን ላንቃችሁ ላይ ለጠፍ አድርጉና ቀስ ብላችሁ ብሉ።

ጾም ሲገባ ደንበኝነቱን የሚያቋርጥም አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ በየሳምንቱ አሉ። በውኃና በፍራፍሬ ብቻ የሚሠራ የማንጎ ወይም የሎሚ ካለ ጠይቁ። ግን «ማንጎ ነው» ሲሏችሁ ወዲያው አትመኑ፣ የዱቄት ወተት የሚጨምሩ አሉ። «ወተት አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በረመዳን ደግሞ ቀን ሄዳችሁ ቤቱ ቀዝቅዟል ብላችሁ አትማረሩ፤ ድሬ የምትነቃው ካፈጠረች በኋላ ነው።

መብራት ጠፍቶ በመጣበት ቀን ሳያዩ መግዛት ሌላው ስህተት ነው። አንድ ጊዜ ቀልጦ የረጋ አይስክሬም ያስታውቃል፤ መሐሉ ይሰረጉዳል፣ ክዳኑ ሥር በረዶ ይጋገራል። ሲቀልጥ የተራባ ባክቴሪያ መልሶ ስለቀዘቀዘ አይሞትም። እኔ እንዲህ ካየሁ ቡና አዝዤ እቀመጣለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ። ሐረር ላለችው አክስቴ አንድ ሊትር ገዝቼ በፍስታል ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፤ ያውም ጋቢና፣ ሞተሩ አጠገብ። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ክዳኑ እንደ ከበሮ ተነፋ። አይስክሬም ከመጠኑ እስከ ግማሽ የሚደርሰው አየር ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ የታሸገው አየር ይለጠጣል። ይህ ያኔ የባቡሩን ሐዲድ ሐረር እንዳይደርስ ያደረገው ዳገት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ታች ቀርቶ ድሬዳዋ የተቆረቆረችውም በእሱ ሰበብ ነው። የኔ አንድ ሊትር ምን ይችለዋል! አክስቴ ከፍታ አየችና «አቦ፣ ሾርባ ነው እንዴ ያመጣሽልኝ?» አለችኝ። ሁለተኛው ስህተት እዚያው ተሠራ፦ ፍሪዘር ውስጥ ከተትነው። አየሩ ወጥቶለት፣ ረቂቁ በረዶ ተያይዞ ጠጥሮ፣ በማግስቱ በቢላዋ ነው የፈለጥነው።

በሚቀጥለው ጊዜ በረዶ ሰባብሬ ሦስት እጅ በረዶ በአንድ እጅ ጨው ቀላቀልኩ። ጨው በረዶን ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ በላይ ያወርደዋል፤ ተራ በረዶ ብቻውን ግን መቅለጥ ሲጀምር ዜሮ ላይ ይቆማል። ጨዉ እንዳይገባበት አይስክሬሙን በሁለት ፍስታል አስሬ ባልዲው መሐል ቀበርኩት፣ ባልዲውን በጋቢ ጠቀለልኩት። ጋቢ ሙቀት አይፈጥርም፣ ያለውን ነው የሚይዘው፤ ቅዝቃዜም ቢሆን። የሄድኩትም በጥር፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ኋላ ወንበር ላይ ነው። ረዳቱ «ሕፃን ነው?» ብሎ ጋቢውን ገለጥ ሊያደርግ ሲል እጁን መታ አደረግኩት።

አክስቴ ማንኪያዋን ሰካች። ቀጥ ብሎ ቆመ።