ዎርድፕረስ ላይ ፕለጊን ስትጭኑ ልትጠነቀቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ ፕለጊን፣ ማለትም ለገጻችሁ አዲስ ሥራ የሚጨምር ትንሽ ፕሮግራም፣ መጫን ቀላል ነው። ትፈልጋላችሁ፣ ኢንስቶል የሚለውን ትጫናላችሁ፣ አክቲቬት ትላላችሁ፤ አለቀ። በይፋዊው ማከማቻ ውስጥ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ነፃ ፕለጊኖች አሉ። ችግሩ አንዴ ከገባ በኋላ ፕለጊን ሙሉ ሥልጣን ይዞ ነው የሚሠራው። ጽሑፎቻችሁ ያሉበትን ዳታቤዝ ማንበብ፣ መለወጥና መሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት «ምን ይሠራልኛል?» ስትሉ «ማን ነው የሚንከባከበው?» ብላችሁም ጠይቁ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ካለመጠየቅ የሚመጡ ናቸው።

ኮከብ ብቻ አይቶ መጫን

ብዙ ሰው የሚያየው የኮከቡንና የተጠቃሚውን ብዛት ነው። እኔ ግን ቅድሚያ የምሰጠው ለሁለት መስመሮች ነው፦ መጨረሻ የታደሰበት ቀን፣ እና እስከ የትኛው የዎርድፕረስ ቨርዥን ድረስ እንደተሞከረ። ዓመት ሁለት ዓመት ያልተነካ ፕለጊን ቢያምርም ይቅርባችሁ። ተጠቃሚዎች ጥያቄ የሚያቀርቡበትን ክፍልም ክፈቱት። ጥያቄው ተደርድሮ መልስ የሚሰጥ ከሌለ፣ ነገ የእናንተም ጥያቄ እዚያው ይቀራል።

ባለቤትም ይለወጣል። ዲስፕሌይ ዊጄትስ የሚባለው ፕለጊን 200 ሺህ ገደማ ድረ ገጾች ላይ ይሠራ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ተሸጠ። ከዚያ በወጡት አፕዴቶች ውስጥ ድብቅ መግቢያ ተገኘ፤ በዚያ በኩል በሰው ድረ ገጽ ላይ የማስታወቂያ ጽሑፍ ይለጠፍ ነበር። ክፋቱ ደግሞ ጽሑፉ ሎግኢን ላደረገ ሰው አይታይም። ባለቤቱ ገጹን ሲከፍት ሁሉ ሰላም ነው፤ ቆሻሻውን የሚያየው አንባቢው ነው። ፕለጊን ሲሸጥ ዳሽቦርዳችሁ ላይ መልእክት አይመጣም። የሠሪው ስም ተቀይሮ ካያችሁ ከአፕዴቱ ጋር የሚመጣውን የለውጥ ዝርዝር አንብቡ። ሎግአውት አድርጋችሁ በስልካችሁ የራሳችሁን ገጽ የማየት ልማድም ይኑራችሁ።

በክራክ የተገኘ ፕለጊን

አገር ቤት ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። የሚከፈልበት ፕለጊን በቴሌግራም በነፃ ሲመጣ ያጓጓል። ግን አትንኩት። ደብሊውፒ-ቪሲዲ የሚባለው ቫይረስ በዋናነት የተስፋፋው እንዲህ ባሉ የተሰረቁ ፕለጊኖችና ቴሞች (የገጹን መልክ የሚወስኑ ፋይሎች) ውስጥ ተሸጉጦ ነው። አንዴ ከገባ ሁሉንም ቴሞች ይበክላል፤ በዚያው የሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) አካውንት ላይ ያሉ ሌሎች ድረ ገጾችንም አይምርም። የጓደኛችሁን ገጽ አብራችሁ የምታስተናግዱ ከሆነ እሱም አብሮ ይሄዳል። ለአነስተኛ ድረ ገጽ ነፃው ቨርዥን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ውጭ ያለ ዘመድ እንዲከፍልላችሁ መጠየቁ ይሻላል።

ለፍጥነት ብሎ ፕለጊን መደራረብ

ገጹ ሲከብድ የካሽ ፕለጊን፣ ማለትም የተዘጋጀ የገጽ ቅጂ አስቀምጦ ቶሎ የሚያቀርብ፣ ይጫናል። አልፈጥን ሲል ሁለተኛ ይጨመራል። ይህ ነገሩን ያባብሰዋል። አብዛኞቹ የካሽ ፕለጊኖች በዎርድፕረስ ውስጥ አድቫንስድ ካሽ በሚባል አንድ ፋይል በኩል ነው የሚሠሩት፤ ፋይሉ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ይሻሙበታል። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው። ርእስ ታርማላችሁ፣ አንባቢ ግን የድሮውን ያያል። አንዱን ምረጡና ሌላውን አጥፉ።

ብዙውን ጊዜ የክብደቱ ምንጭ ሌላ ነው። አንዳንድ ፕለጊን በማያስፈልግበት ገጽ ላይ ሁሉ የራሱን ፋይሎች ይጭናል። የደብዳቤ መላኪያ ፎርም ያለው በአንድ ገጽ ላይ ቢሆንም፣ ፋይሎቹ በሁሉም ገጽ ይወርዳሉ። በሞባይል ዳታ ለሚያነብ ሰው ይህ ገንዘቡ ነው። ቁጥሩ ላይ አትጨነቁ፤ ሃያ ቀላል ፕለጊኖች ከአንድ ከባድ ስላይደር (ሥዕሎችን እያፈራረቀ የሚያሳይ ፕለጊን) ሊሻሉ ይችላሉ። ኩዌሪ ሞኒተር የሚባለውን ነፃ ፕለጊን ብትጭኑ የትኛው ዳታቤዙን እንደሚያጨናንቅ ያሳያችኋል። ምርመራውን ስትጨርሱ አጥፉት።

አረንጓዴ መብራት ማሳደድ

እንደ ዮስት ያሉ የኤስኢኦ ፕለጊኖች፣ ማለትም ገጹ በጎግል ፍለጋ እንዲገኝ የሚያግዙት፣ ለርእስና ለሳይትማፕ (ለፍለጋ ሞተሮች የሚቀርብ የገጾች ዝርዝር) ይጠቅማሉ። ግን የንባብ ቅለትን ለክተው አረንጓዴ ወይም ቀይ መብራት የሚያሳዩበት ስሌት ለአማርኛ የተሠራ አይደለም። መብራቱ አረንጓዴ እንዲሆን ብላችሁ ዓረፍተ ነገራችሁን አትጠምዝዙ።

ይልቅ ሊንኩን ተመልከቱ። ዎርድፕረስ የጽሑፉን ርእስ ወስዶ ሊንክ ይሠራል። አንድ የግዕዝ ፊደል በሊንክ ውስጥ 9 ምልክት ይሆናል፤ ለርእሱ የተፈቀደው ደግሞ 200 ምልክት ነው። ስለዚህ ከ22 ፊደል በኋላ ያለው ይቆረጣል። ሰዎች ኮፒ ሲያደርጉትም ብዙ ጊዜ በፐርሰንት የተሞላ ረጅም ገመድ ሆኖ ይመጣል። ለዚህ ሌላ ፕለጊን አያስፈልጋችሁም። ከማተማችሁ በፊት ሊንኩን በእጃችሁ አጭር አድርጋችሁ ጻፉት።

ያለ ባክአፕ አፕዴት ማድረግ፣ ወይም ጭራሽ አለማድረግ

በ2020 እ.ኤ.አ. መስከረም ወር ፋይል ማኔጀር በሚባለው ፕለጊን ላይ ቀዳዳ ተገኘ። ከ700 ሺህ በላይ ድረ ገጾች ላይ ነበር። ያለ ፓስዎርድ ማንም ፋይል መጫን ይችል ነበር፤ ማስተካከያው ሲወጣ ጥቃቱ ጀምሮ ነበር። እንዲህ ያለ አፕዴት ለቅዳሜ አይቀጠርም። ከ5.5 ቨርዥን ጀምሮ ፕለጊኖች ራሳቸውን እንዲያድሱ መፍቀድ ይቻላል። ለአብዛኞቹ ይህን አብሩት። ክፍያ ወይም ሽያጭ የሚያስተናግዱትን ግን ባክአፕ (የድረ ገጹን መጠባበቂያ ቅጂ) ወስዳችሁ በእጃችሁ አድሱ።

ባክአፑ እዚያው ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ፣ ሰርቨሩ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። አፕድራፍትፕላስ የሚባለው የባክአፕ ፕለጊን በነፃው ቨርዥኑም ጎግል ድራይቭ ላይ ያስቀምጥላችኋል። አንድ ጊዜም መልሳችሁ ጭናችሁ ሞክሩት።

የማትጠቀሙበትን ፕለጊን ደግሞ ዲአክቲቬት አድርጋችሁ አትተዉት። ፋይሎቹ ሰርቨሩ ላይ ስላሉ በአድራሻቸው ሊደረስባቸው ይችላል። ሰርዙት።

ገጹ ሲጠፋ መደናገጥ

አፕዴት አድርጋችሁ ገጹ ባዶ ቢሆን ሁሉንም አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አትጀምሩ። ከ5.2 ቨርዥን ጀምሮ ዎርድፕረስ ችግር ያመጣውን ፕለጊን ጠቅሶ፣ መግቢያ ሊንክ ያለው ኢሜይል ለአድሚኑ ይልካል። በሊንኩ ገብታችሁ ፕለጊኑን ማቆም ነው። ኢሜይሉ ካልመጣ በሆስቲንጋችሁ ፋይል ማስተዳደሪያ ግቡና ፕለጊንስ የሚለውን ፎልደር ስም ቀይሩ። ሁሉም ፕለጊኖች ይቆማሉ፤ ጽሑፎቻችሁ ግን አይነኩም። ገጹ ሲመለስ ዳሽቦርዱ ላይ ፕለጊንስ የሚለውን ገጽ አንዴ ክፈቱ፤ ዎርድፕረስ ሁሉንም ዲአክቲቬት ያደርጋቸዋል። ከዚያ የፎልደሩን ስም መልሱና አንድ በአንድ አብሩ። ጥፋተኛው ሲደርስ ገጹ እንደገና ይወድቃል።

ኢሜይሉ የማይመጣው ብዙ ጊዜ አድሚን ተብሎ የተመዘገበው አድራሻ ከድሮ ስለተተወ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ጄኔራል የሚለውን ከፍታችሁ ዛሬውኑ እዩት፤ የምትከፍቱት ኢሜይል ካልሆነ ቀይሩት።