ቦታ ቆጠብኩ ብለህ ባቡሩን አትነቀው

ጎጃም ባቡር የለም። እኔ ግን ማርቆስ ቁጭ ብዬ ኦፕን ቲቲዲ በሚባለው የባቡርና የትራንስፖርት ኩባንያ ማስተዳደሪያ የኮምፒውተር ጌም ስንቴ ሐዲድ እንደዘረጋሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ከደጀን ማርቆስ፣ ከማርቆስ ቡሬ፣ ከዚያ በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር። ጌሙ በነፃ ይወርዳል፣ ያረጀ ላፕቶፕም ይችለዋል። ከፍታን በጥቁርና ነጭ ያሳየ ምስል ከሰጠኸው ደግሞ የራስህን አገር ካርታ አድርጎ ይከፍትልሃል። የዓባይን በረሃ ያስገባሁት እንደዚያ ነው።

ዘንድሮ የወንድሜ ልጅ ከነጓደኞቹ ጀመረ። በሳምንት ሁለቴ ላፕቶፑን ታቅፎ ይመጣል። «ጋሼ፣ ባቡሮቹ ቆሙ።» አየዋለሁ፤ ያው ነው። አራት ሐዲድ በአንድ ክንድ ቦታ ልጠቅጥቅ ብሎ ያንኑ ጥፋት ደግሞታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሐዲዶች ከሚቀላቀሉበት ከመገናኛው ቀጥሎ ባቡሩ ሙሉ በሙሉ የሚቆምበት ቦታ ተው። በቃ፣ ዋናው ይሄ ነው። የጌሙ ካርታ በካሬ በካሬ የተከፈለ ነው፤ አንዱ ካሬ የሚይዘው ሁለት ፉርጎ ነው፤ ሞተሩን ጨምሮ አስር የሆነ ባቡር አምስት ካሬ ይፈልጋል ማለት ነው። አንተ ግን ቦታ ለመቆጠብ ብለህ ከመገናኛው መውጫ እስከ ሚቀጥለው ሲግናል (ባቡር የሚያስቆመው መብራት) ሦስት ካሬ ብቻ ትተሃል። ያ ሲግናል ቀይ ሲሆን ምን ይፈጠራል? የባቡሩ ሁለት ካሬ ጭራ መገናኛው ላይ ይቀራል። ጭንቅላቷን በረት አስገብታ ወገቧ በሩ ላይ የቀረ ላም አይተህ ታውቃለህ? የውጮቹ አይገቡም፣ የውስጦቹ አይወጡም። የአንደኛው ጭራ ሁለተኛውን ያግዳል፣ የሁለተኛው ሦስተኛውን፣ ሦስተኛው ዞሮ መጥቶ የመጀመሪያውን ያግዳል። ከዚያ በኋላ አንዱን ባቡር ከፍተህ በእጅህ ወደኋላ ካላዞርከው በቀር እስከ ነገ ብትጠብቅ የሚነቃነቅ ነገር የለም።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ፓዝ ሲግናል ነው ያደረግኩት» ይለኛል። ፓዝ ሲግናል እስከ ሚቀጥለው ሲግናል ያለው መንገድ ባዶ መሆኑን ያያል እንጂ ባቡርህ እዚያ ይብቃ አይብቃ አይለካልህም። መለካት ያንተ ሥራ ነው! ሲግናል የምትተክለው ባቡር ቢቆም ማንንም የማያስቸግርበት ቦታ ላይ ነው። መገናኛው መሐል ሲግናል የሚተክል ልጅ ሳይ ላፕቶፑን ዘግቼ ብመልስለት ደስ ይለኛል።

እኔም ሠርቼዋለሁ፣ አልዋሽም። ደምበጫ ላይ ባለ አራት ሐዲድ መገናኛ ሠራሁ። እንደ ጥልፍ ያማረ፣ አንዲት ካሬ ያልባከነበት። ስክሪንሾት አንስቼ ለሰው ሁሉ አሳየሁ። ለሁለት ቀን እንደ ሰዓት ሠራ። በሦስተኛው ቀን ቡና ተፈልቶ ሄድኩ፤ በረካውን ጠጥቼ ስመለስ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ያለው መስመር ደርቆ ቆሟል፣ ገንዘቤም ቀይ ገብቷል። መገናኛውን ግማሽ ሌሊት ስመረምር አደርኩ። ለካ እሱ ምንም አልሆነም። ከቡና በፊት የከሰል ባቡሮቹን ብዙ እንዲጭኑ ብዬ ከአራት ካሬ ወደ ስድስት አስረዝሜያቸው ነበር። መገናኛው የተለካው ለአራት ነዋ። ያን ቀን የተማርኩት፣ ከአንድም ሐዲድ በፊት የባቡርን ርዝመት መወሰን ነው። ከወሰንክ በኋላ ደግሞ አትንካው።

ሁለተኛው የድልድይ ነገር ነው። በተለመደው ጌም ድልድይ ላይም ዋሻ ውስጥም ሲግናል አይተከልም (ጄጂአር ፓች ፓክ የሚባለውን የተሻሻለ የጌሙን ቅጂ የሚጠቀሙ ሰዎች ይቻላል ይሉሃል፤ እውነታቸውን ነው፣ አንተ ግን መጀመሪያ ያለዚያ ተማር)። እንግዲህ ሐዲድህ ላይ በየአራት ካሬው ሲግናል ተክለህ ስታበቃ ዓባይን በሃያ ካሬ ድልድይ ተሻገርክ እንበል። በሁለት ሲግናል መሐል የሚገባው አንድ ባቡር ብቻ ስለሆነ፣ የፊተኛው ባቡር ጭራውን ነቅሎ እስኪወጣ የኋላው ደጀን ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በየአራት ካሬው መተከሉ ምን ጠቀመ? መፍትሔው ድልድዩ አፍ ላይ ሐዲዱን ለሁለት መክፈል፣ ጎን ለጎን ሁለት ድልድይ መሥራት፣ ማዶ ላይ መልሶ ማገናኘት ነው። የሚጨምረው ስፋት አንድ ካሬ ነው። ልጆቹ ግን ለዚያች አንድ ካሬ ይሰስቱና ጭራሽ ሁለት ሐዲድ አምጥተው አንድ ድልድይ ውስጥ ይጨምራሉ።

መታጠፊያ አታጥብቅ። ባቡር ወደ አንድ ጎን ቶሎ ቶሎ ሲታጠፍ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ አብሮ ይንቀራፈፋል።

መገናኛ ላይ መጀመሪያ የሚወጣውን አስወጣ፣ ከዚያ የሚገባውን አስገባ። ብዙ ሰው የሚሠራው ተገልብጦ ነው። መናኸሪያ በር ላይ ተሳፋሪ ሳይወርድ አዲሱ ሲጋፋ የሚሆነውን ታውቃለህ፤ እሱው ነው።

በእውነት ቦታ መቆጠብ ከፈለግክ ሰያፍ ሐዲድ ተጠቀም። አንድ ካሬ ሁለት ጎን ለጎን ሰያፍ ሐዲድ ይይዛል። ይሄንን ግን ማንም አይጠቀምበትም! ብቻ ጣቢያና ድልድይ በሰያፍ ስለማይሠሩ ቀድመህ ማቃናትህን አትርሳ።

ሐዲድና መኪና መንገድ ስለሚቋረጡበት ምንም አልልም። አውቶቡስህ ሲጨፈለቅ ራስህ ታየዋለህ። ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርግ የሚለውንም አልጽፍም፤ እኛ ሰፈር መብራት ራሱ ያስተምራል።

ሌላው ከተማ ጥግ ድረስ መጠጋት ነው። ዛሬ ባዶ ያየኸው ሜዳ ከአስር የጌም ዓመት በኋላ ቤት በቤት ይሆናል፤ አምስተኛ ሐዲድ ስትፈልግ ማለፊያ የለህም። በጎን ቢያንስ ሁለት ካሬ ያዝ፤ የራስህን ሐዲድ ዝም ብለህ ዘርጋበት፣ ከተማው አይገነባበትም። የወንድሜ ልጅ ይሄን ሳይሰማ ፍኖተ ሰላም ላይ ታፈነና ቦታ ላስፋ ብሎ የከተማውን ዛፍ ሁሉ ጨፈጨፈ። አስተዳደሩ ተቆጥቶ ጣቢያ አላሠራም አለው። አሁን ጎን ለጎን ተቀምጠን እስኪታረቁን ድረስ ዛፍ እየተከልን ነው።