ከሙክት ጀምሩ፦ በአንድ ቃል የሚባለውን እንግሊዝኛ እንዴት እንልመድ?

ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አንድ የውጭ አገር እንግዳ ሙክት አይቶ «ይሄ ምንድነው?» አለኝ። ቃሉ ጠፋኝና «ፋት ሺፕ» ብዬ ተገላገልኩ። ወፍራም በግ! ባለሙክቱ እንግሊዝኛ ቢሰማ ኖሮ ዋጋ ልታወርድብኝ ነው ብሎ ይጣላኝ ነበር።

እና ምን ይሻላል? የተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር አትሸምድዱ፣ ሳምንት አይቆይም። መጀመሪያ በአማርኛ በአንድ ቃል የምትጠሩትን ደብተር ላይ ጻፉ። የመንዝ ሰው በግን በደፈናው በግ ብሎ አይተወውም፤ ግልገል አለ፣ ጠቦት አለ፣ ሙክት አለ። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው። ግልገሉ ላምብ፣ አውራው ራም፣ ሴቷ ዩ (አጠራሩ «አንተ» ከሚለው ዩ አይለይም)፣ የተኮላሸው ደግሞ ወዘር። ከበግ ስትወጡ ጊደር ሄፈር ናት፣ ቄብ ፑሌት።

ቀጥላችሁ ቃሉ የማይናገረውን ከጎኑ ጻፉ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ወዘር መኮላሸቱን እንጂ መስባቱን አይነግራችሁም፣ ስለዚህ ሙክት ለማለት «ፋተንድ ወዘር» ማለት ሊኖርባችሁ ነው። አንድ ቃል ካልበቃ ሁለት መጠቀም ነውር የለውም።

ከዚያ ረዘም ያለውን ቃል ሰንጥቁት። ጓሳ ላይ ሣር የሚግጠው ጭላዳ ኸርቢቮር ነው፤ በላቲን ኸርቢ ሣር ቅጠሉ፣ ቮር የሚበላ። አይጥ የሚያድነው ቀይ ቀበሮ ካርኒቮር፣ ካርኒ ሥጋ ስለሆነ። ገብስ ማሳ ላይ የሚረጨው ፀረ አረም ኸርቢሳይድ ይባላል፤ ሳይድ ገዳይ ነው። ይቺን ከያዛችሁ ፔስቲሳይድ ፀረ ተባይ፣ ሆሚሳይድ ሰው መግደል መሆኑን ማንም ሳይነግራችሁ ትደርሱበታላችሁ።

የሚመሳሰሉትን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የሐኪም ማዘዣ ፊደሉ አልለይ ካለ ኢሌጂብል ነው። አንሪደብል ግን ፊደሉ ጥርት ብሎ እያለ አሰልቺነቱ አላስነብብ ላለ ጽሑፍም ይሆናል። የስልክ ድምፅ አልሰማ ካለ ኢንኦዲብል።

ስትከልሱ ሁሌ ከፍቺው ወደ ቃሉ ሂዱ፣ የተገላቢጦሹ ያታልላል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ በመስኮት የምታዩትን በአንድ ቃል ጥሩ፣ ያልመጣላችሁን ማታ መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጉ። ጉም ከሸፈነው ኢንቪዚብል በሉና እለፉ።